ቀዳዳ የሌለው ጋቢ

ከበሩ ጀርባ ያለው ምስማር ባዶ ነው። ጋቢው ሁልጊዜ እዚያ ስለሚንጠለጠል ግድግዳው የጥጥ፣ የጭስና የጥድ ሽታ ይዞ ቀርቷል፤ ጠጋ ብዬ ባሸተትኩ ቁጥር ያደግሁባት መካነ ብርሃን ትመጣብኛለች። ልጄ ጠዋት ለብሶት ወጣ። ይኸው ፀሐይዋ እዚህ ጎንደር ከቀሐ ወንዝ ማዶ ዘቀዘቀች፣ አልተመለሰም። ስልኩም አይሠራም። እጄ ሥራ እምቢ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነውና ፊደሌን አትዩብኝ።

ያኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከጎንደር ከተማ አንድ ወጣት የታሪክ መምህር መጣልን። ለዓመቱ መዝጊያ ቲያትር እንሠራለን ብሎ ከየክፍሉ ልጆች መርጦ ሰበሰበን። ቲያትሩ የሮም ታሪክ ነበር። ሮምን እኛ በስም ብቻ፣ ያውም ከቤተ ክርስቲያን ምንባብ ነበር የምናውቃት። መምህሩ ዛፍ ሥር አስቀምጦ አስረዳን። አንድ የጦር ጀግና ነበረ። ድል አድርጎ ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው፤ እሱም ሥልጣኑን ዕድሜ ልኩን ሊይዘው አሰበ። ያን ጊዜ ወዳጆቹ ፈሩት። ለአገር ነፃነት ነው ብለው ጉባኤ ላይ በቢላዋ ገደሉት። ከገዳዮቹም አንዱ አብልጦ የሚወደው ሰው ነበር።

"እንግዲህ ከሃዲው ማን ነው?" አለን። "ወዳጁን የገደለው ነው ወይስ አገሩን የራሱ ያደረገው?"

ታላቅ ወንድሜ እጁን እንኳ ሳያወጣ ተነሣ። "ምነው፣ የከፋው ሰው ፊት ለፊት አይናገርም?"

የወንድሜ ጓደኛ አጠገቡ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። "ፊት ለፊት የሚነገረው የሚሰማ ሲሆን ነው" አለ ቀና ሳይል። ሁላችን ሳቅን። ወንድሜም ሳቀና በክርኑ ጎሸም አደረገው።

መምህሩ እዚያው ወንድሜን ንጉሥ፣ ጓደኛውን ከዳተኛ አደረጋቸው። እኔ ከሴቶቹ ድምፄ ይሰማል ተብዬ የንጉሡ ሚስት ሆንኩ። ሚስትየዋ ክፉ ሕልም አይታ "ንጉሥ ሆይ፣ ዛሬ አትውጣ" ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም።

የሮም ሰዎች ልብስ ከጋቢ አይለይም፣ ሁላችሁም ጋቢ ይዛችሁ ኑ ተባለ። ጓደኛው ግን ጋቢ አልነበረውም። ያ አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ጠዋት የገብሱ ማሳ አመዳይ ለብሶ ያነጋል። ሁለቱ ከትንሽነታቸው ጀምሮ ትምህርት ቤት የሚመጡት በወንድሜ ጋቢ ሥር ተቃቅፈው ነበር። ወንድሜ መንገድ ላይ ሲያገኘው ምንም ሳይናገር የጋቢውን ጠርዝ ከፍ ያደርጋል፣ ያ ሽው ብሎ ይገባል። ከሩቅ ሲታዩ ባለ አራት እግር አንድ ሰው ይመስሉ ነበር።

ልምምድ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ገዳዮቹ ንጉሥ ፊት ናቸውና እንደ ወጉ አደግድገው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ቆሙ። እንዲያ የቆመ ሰው ታዲያ ቢላዋ የሚሸሽግበት የለው። መምህሩ ጭንቅ ሲለው ጓደኛው፣ "እኔ እንደሆንኩ የራሴ የለኝ፤ በሱ ጋቢ ውስጥ እገባለሁ። ማን ያየኛል?" አለ።

"አንተ ሌባ!" ብሎ ወንድሜ አንገቱን አነቀው። እየተሳሳቁ ተንከባለሉ።

የቲያትሩ ቀን ሰው ከየጎጡ መጥቶ ሜዳውን ሞላው። ወንድሜ የወይራ ቅጠል ጉንጉን ደፍቶ ብቅ አለ፤ ቅጠሉ ገና እርጥብ ነበርና ሽታው እኔ ድረስ ይመጣል። ተራዬ ሲደርስ "ንጉሥ ሆይ" የሚለው ጥፍት ብሎብኝ፣ "ወንድምዓለም፣ ዛሬ አትውጣ!" ብዬ ጮኽኩ። ቤት የምጠራው እንደዚያ ነዋ! ሜዳው አውካካ። "ኧረ ወንድሟን አገባች!" አለ አንዱ። ወንድሜ ራሱ ሳቁን ለመደበቅ ጋቢውን አፉ ላይ ጎተተ።

ከዚያ ጓደኛው መጣ። ወንድሜ የጋቢውን ጠርዝ ከፍ አደረገ፣ እሱም ገባ። ለደም ብለው በርበሬ በውሃ በጥብጠው በላስቲክ ቋጥረው ነበር፤ ሲፈነዳ ለካ የወንድሜ ዓይን ውስጥ ገብቷል። ንጉሡ ከልቡ አለቀሰ። ሴቶቹም ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱለት። አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ይዘው ብድግ አሉ፦ "ምን ያስለቅሳችኋል? ሮም የጣልያን አገር አይደለም ወይ? ጣልያን እርስ በርሱ ከተላለቀማ ሸጋ ነው!"

"አያ፣ ይቀመጡ፤ ገና አላለቀም" ይላል መምህሩ።

ማታ እናቴ የወንድሜን ዓይን በወተት ስታጥብ ራሱን ደግፎ የያዘላት ያ ገዳዩ ነበር። "አይዞህ፣ አይዞህ" ይለዋል፤ የራሱ እንባ ይወርዳል።

ወንድሜ አደገ። የአካባቢው ሰው መሪያችን ሁን ብሎ መረጠው፤ ጓደኛው ምክትሉ ሆነ። መጀመሪያ ደጃችን ከሚመጣው ሰው ጋር አጥር ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ነበር ነገር የሚጨርስ። ኋላ ድምፁ ወፈረ። መሬት ሲያካፍል ማንንም አያማክር፣ የተቃወመውን ስም ይሰጠዋል። ጓደኛው አንድ ቀን መጥቶ "ሰው አዝኖብሃል፣ እባክህ ስማ" ሲለው ሰምቻለሁ። ወንድሜ "አንተም ከነሱ ሆንክ?" ብሎት በሩን ከፍቶ ወጣ።

ከዚያ አንድ ጉም የዋጠው ጠዋት ጓደኛው ተመልሶ መጣ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ይንቀጠቀጣል። "ሽማግሌዎች ለእርቅ ተሰብስበዋል፤ አንተን ነው የሚጠብቁ" አለ። እርቅ በመሣሪያ አይኬድም። ወንድሜ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ ተወና ጋቢውን ደረበ። የጋቢውን ጫፍ ያዝኩት።

"ወንድምዓለም፣ ዛሬ አትውጣ" አልኩት።

ሁለቱም ተያይተው በሳቅ ፈረሱ። "ይቺ ልጅ ዛሬም ሚስትህ ናት!" አለ ጓደኛው። ሲስቁ እኔም ሳቅኩ። ያ ቃል የቲያትር ሆኖ ቀርቶ ነበራ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆም ብሎ የጋቢውን ጠርዝ ከፍ አደረገለት። ጉሙ ውስጥ ገቡ።

በቀትር በቃሬዛ አመጡት። እርቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ጉም ነው፣ ብዙ ሰው ነው፣ ማን እንደወጋው አልታየም አሉ። ጓደኛው ለቀብር አልመጣም። እናቴ ከሰልስቱ በኋላ ጋቢውን ወንዝ ወርዳ አጠበችው፤ ደሙ ለቀቀ። ከዚያ መርፌና ክር ይዛ ደጅ ላይ ተቀመጠች። የተቀደደውን ልትሰፋ በፀሐይ ዘረጋችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና ዘረጋችው። ልጇ ጎኑን በቢላዋ ተወግቶ ነው የሞተው። ጋቢው ላይ ግን አንድም ቀዳዳ የለም።

መርፌውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና "ከውስጥ ነው" አለች።

ያንን ጋቢ ነው ልጄ ለብሶ የወጣው። ለአጎቱ መታሰቢያ ብዬ ሰቀልኩት እንጂ ልብስ ብዬ አልነበረም። ልጄን በአጎቱ ቲያትር እያሳቅሁ ነው ያሳደግሁት፤ የበርበሬውን፣ የሽማግሌውን፣ የ"ወንድምዓለም"ን። አሟሟቱን በሕመም አልኩት። ልጅ ጓደኛውን እየጠረጠረ እንዲያድግ አልፈለግሁም።

ዘንድሮ የሰፈሩ ወጣቶች ወኪላችን ብለው መረጡት። ይህ አገር እንዲህ ሆኖ፣ ማን ከማን እንደሆነ በማይታወቅበት ጊዜ። ዛሬ ጠዋት የልጄ ጓደኛ በሩን አንኳኳ። እጄ ላይ የበላ ልጅ ነው፣ ክፉ ልጅ አይደለም። ያኛውም ክፉ ልጅ አልነበረም።

"እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ሽማግሌዎች ለእርቅ ተቀምጠዋል፤ እሱ ካልመጣ አይሆንም አሉ" አለኝ። በስስ ሸሚዝ ነው፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ልጄ ጃኬቱ ታጥቦ አልደረቀም። ዞር ብሎ ጋቢውን ከምስማሩ አነሣ።

"ልጄ፣ ዛሬ አትውጣ" አልኩ።

ሳቀ። "እማዬ! ወንድምዓለም በይኝ እንጂ!" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ሌላ ቃል ፈለግሁ። ዕድሜዬን ሙሉ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ከደጅ ሆኜ አየኋቸው። አጥሩ ጥግ ሲደርሱ ልጄ ቆመ። ምንም ሳይናገር የጋቢውን ጠርዝ ከፍ አደረገ፣ ያ ሽው ብሎ ገባ። ቁልቁል ወደ ቀሐ ወረዱ፤ ከኋላ ባለ አራት እግር አንድ ሰው። የትኛው ትከሻ የልጄ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ብርድ ነበር፣ እናት ነኝ፤ እግዜር ይየኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ሁለት ሲሆኑ ይሞቃቸዋል ብዬ ነው።