ከወንዝ የመጡት ድንጋዮች

ባለቤቴ አዲስ ጠጠር ባስነጠፈበት መንገድ መካከል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ድንጋዩን ያመላለሱት ሁለት የቀን ሠራተኞች ከአህያቸው ጋር አጥሩ ጥግ ናቸው። አምስት ሴቶች የልብስ እስራቸውን እንዳዘሉ የግቢው በር ላይ ቆመዋል፤ ከፊታቸው አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው። እኔ የቤቱ ደፍ ላይ ነኝ፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አልል። አገሩ ቢቸና፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ዘመኑ የጃንሆይ ነው።

ነገሩ የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። ለሥራ ወደዚያ ሄዶ በአንድ ሹም ግቢ ጠጠር የተነጠፈ መንገድና ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ የተደረደረበት የአበባ መደብ አይቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ከጠጠር ሌላ ወሬ ጠፋ። ግቢያችን ዋልካ መሬት ነውና ከሥር ትልልቅ ድንጋይ ካልገባ ክረምት ላይ ጭቃው ጠጠሩን ይውጠዋል ብዬ ሁለት ጊዜ ነገርሁት።

"አንቺ ስለ ወጥሽ አስቢ" አለኝ። ሦስተኛ አልተናገርሁም።

አርብ የታመመች ጎረቤት ጠይቄ ስመለስ በእኛም ግቢ የአበባ መደቡ ተሠርቶ አገኘሁ። ሠራተኞቹን "ለስላሳ፣ ጠፍጣፋ፣ ያማረ ድንጋይ አምጡ" ብሏቸዋል። ከቤታችን በታች ባለው ወንዝ ዳር ለስላሳና ጠፍጣፋ የሆነው ደግሞ ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡበት ነው፤ ከእናት ለልጅ እየተላለፈ በእንዶድና በልብስ የለሰለሰ። አንድ ሳያስቀሩ ጭነው አምጥተው ኖራ ቀብተውታል። ከበሩ በስተቀኝ ሦስተኛው የእኔ ነበር። ጫፉ ላይ ባለው ስንጥቅ አወቅሁት።

ያን ድንጋይ በቀላሉ አላገኘሁትም። ሞጣ ሳለሁ በእናቴ ድንጋይ ነበር የማጥበው። ተድሬ ቢቸና ስመጣ ግን አንዷ እስክትጨርስ እስሬን ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ። "የጸሐፊው ሚስት" ይሉኛል እንጂ ከወሬያቸው አያስገቡኝም። ዓመት ሊሞላኝ ሲል እኒሁ አሮጊት "የእኔ ጉልበት ደክሟል፤ ከእንግዲህ በዚህ አንቺ እጠቢበት" ብለው ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴቶቹ በስሜ ጠሩኝ።

"ጌታው፣ ድንጋያችንን ፍለጋ መጣን" አሉ አሮጊቷ።

"የምን ድንጋይ እማማ? ወንዙ የመንግሥት ነው። ድንጋይ እንደሆነ ሞልቷል፤ ሌላ አይፈልጉም?"

"መሙላቱንስ ሞልቷል። ታዲያ እርስዎ ከሞላው አይወስዱም ነበር?"

ከኋላ አንዷ፣ "ደግሞ ኖራ ቀብተው! ምነው እቴ፣ ሙሽራ አደረጉት" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ከሠራተኞቹም አንዱ ሳቀና ባለቤቴ ዞሮ ሲያየው የአህያውን ጀርባ ማከክ ጀመረ።

"እኛ ምን እናውቃለን ጌታዬ፤ ያማረ አምጡ አሉን" አለ።

"እንግዲያው እዚሁ እንጠብ" አለች ያችው ሴት እስሯን እያወረደች። "ውኃውን ጌታው ይቅዱልን።"

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። "ንገሪያቸው እንጂ! ጓደኞችሽ አይደሉም?"

አሮጊቷም ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ይህን ታውቂ ነበር?"

"ትናንት አየሁት።"

"እና?"

ዓይኔ ወደ ሦስተኛው ድንጋይ ሄደ።

"እና ዝም አልሽ" አሉ።  ሴቶቹ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ፤ ያችም ስትቀልድ የነበረችው መሬቱን አየች።

"መደቡን አላፈርስም። ሰኞ ሌላ ድንጋይ አስመጣላችኋለሁ፤ እስከዚያ ታገሡ" አለ ባለቤቴ፣ ቢሮ ለመጣ ባለጉዳይ እንደሚናገር።

ወደ ቤት ገብቼ እንስራ የማዝልበትን ገመድ ይዤ ወጣሁ። መደቡ አጠገብ ተንበርክኬ ሦስተኛውን ድንጋይ ነቀልሁ። ኖራው ገና አልደረቀም ነበርና ቀሚሴን ነጭ አደረገው።

"ምን ማድረግሽ ነው? መደቡ ይናዳል እኮ!"

ድንጋዩን በገመዱ አሰርሁ። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው መጡና በሁለት እጃቸው አንሥተው ጀርባዬ ላይ አደረጉልኝ። ሌሎቹም እየገቡ የየራሳቸውን ለመንቀል ጎንበስ አሉ።

በጠጠሩ ላይ አልፌ ከግቢው ወጣሁ።