አሮጌው ሰርቨር ዝም ሲል

የመሥሪያ ቤታችንን የኮምፒውተር ባለሙያ ሁሉም ሰው «ሐኪሙ» ነበር የሚለው። ኮምፒውተር ሲታመም ጆሮውን ወደ ማሽኑ አስጠግቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ የማዳመጥ ልማድ ነበረው። የማራገቢያው ድምፅ ምን እንደሚነግረው እግዜር ይወቅ፤ ቀና ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን አግኝቶታል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አብረን ተምረን እሱ በተማረው ሙያ ሠራ፤ እኔ ባልተማርኩት የደብዳቤ ክፍል ገብቼ ቀረሁ። ጠረጴዛዬን ከእሱ የሰርቨር ክፍል የሚለየው አንድ የመስታወት ግድግዳ ነው። በዚህም የተነሳ ያን ሰሞን የሆነውን ሁሉ፣ ባላየሁት ያልኩትንም ጭምር፣ አይቼዋለሁ።

ድርጅቱ የሕንፃ ዕቃ አከፋፋይ ነው። ቆርቆሮ፣ ቧንቧ፣ ሚስማር፣ ቀለም እንሸጣለን። ከፊት ረጅም ባንኮኒ አለ፤ ከባንኮኒው ጀርባ ደረሰኝ የሚቆርጡት ሴቶች በረድፍ ይቀመጣሉ፤ ከኋላ መጋዘኑ፣ ከመጋዘኑ ደጃፍ ደግሞ ጭነት የሚጠብቁ ሾፌሮች አሉ። ሽያጩም፣ የመጋዘኑ ዕቃም፣ ሒሳቡም የሚሠራው በአንድ ፕሮግራም ነው። የፕሮግራሙ መረጃ በሙሉ፣ ዳታቤዝ የሚሉት ማለት ነው፣ የተቀመጠው ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ባለው ሰርቨር ላይ ነው። እዚያ አንድ ነገር ከተነካ ባንኮኒው ይቆማል፣ ሾፌሮቹም ጥሩምባቸውን ይነፋሉ።

የሐኪሙ ጓደኛ «ሽቦ» ይባላል። የኔትወርክ ገመድ ዘርጊያችን ነው፤ ሰውነቱም ቀጭን ስለሆነ ቅጽል ስሙ ሲወጣለት የተቃወመ የለም። የሚሠራው በኮንትራት ነው፤ በየዓመቱ ይታደስለታል። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ከሰርቨሩ ክፍል በር አጠገብ ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው፣ የማን ምግብ የማን እንደሆነ ሳይለዩ ይበሉ ነበር።

«እኔ ደም ሥሩን እዘረጋልሃለሁ፣ አንተ ልቡን ያዝ» ይለዋል ሽቦ።

«ልቡ ደህና ነው። ደም ሥሩ ነው የሚያሳስበኝ» ይላል ሐኪሙ፣ አፉ ሙሉ ሆኖ። ያኔ ቀልድ ነበር።

የፕሮግራሙ አዲስ ዕትም ሲመጣ አሮጌው ሰርቨር ሊሸከመው ስለማይችል አዲስ ተገዛ። ሐኪሙ የዕረፍት ቀናትን መርጦ፣ ሰው በሌለበት፣ መረጃውን በሙሉ ወደ አዲሱ አሻገረ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲጀመር ማንም ለውጥ መኖሩን አላወቀም፤ በእሱ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። ሥራ አስኪያጇ ግን በስብሰባ ላይ አስነስታ አስጨበጨበችለት። ደስ ሲለው የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ መነጽሩን አውልቆ ያለ ምክንያት ይወለውለዋል። ያን ቀን ደጋግሞ ወለወለው።

አሮጌውን ማሽን ግን አላጠፋውም። «አዲሱ ቢያስቸግር ወዴት እንመለሳለን?» እያለ ከጎኑ ሥራ ፈትቶ እንዲበራ ተወው። ሳምንታት አለፉ፣ አዲሱም አላስቸገረም። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሮጌውን አጠፋው፣ ገመዱንም ነቀለ። በዚያው ዕለት ሽቦ የኔትወርኩን ሳጥን ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር አንስቶ ወደ ደረቁ ግድግዳ እያዛወረ ነበር።

በማግሥቱ ባንኮኒው ቆመ። ቆመ ስል እንደ መብራት መጥፋት አይደለም፤ ይሠራል፣ ግን ያስጠብቃል። ደረሰኝ ቆራጯ አዲስ ደረሰኝ ለመክፈት ስትነካው ገጹ ነጭ ይሆናል፤ ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሰው ተስፋ ቆርጦ ሊነሳ ሲል ይከፈታል። ከተከፈተ በኋላ እንደ ጥንቱ ፈጣን ነው። ቀጣዩ ደረሰኝ ላይ ደግሞ ያው።

«ይሄ ኮምፒውተር ጸሎት አድርሶ ነው እንዴ የሚከፈተው?» አለች ደረሰኝ ቆራጯ። በዕድሜ ከሁላችንም የምትበልጥ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«እናቴ፣ እኔ እኮ አንድ ኪሎ ሚስማር ነው የጠየቅሁት» አላት ደንበኛው።

«ሚስማሩማ አለ ልጄ። ኮምፒውተሩ እስኪያምን ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ሾፌሮቹ ደጅ ላይ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ድምጿ ከዚያ በላይ ከፍ ብሏል። «ከየት ነው ችግሩ?» ብላ ሐኪሙን አየችው።

ሐኪሙ አላመነታም። «ሰርቨሩ ጤነኛ ነው። ስንት ሳምንት ሠርቷል። ትናንት የተነካው ገመዱ ነው።»

ማሽን ማጥፋቱን እንደ መንካት አልቆጠረውም። ሥራ የሌለው ማሽን ነው፤ ቢጠፋ ማንን ይጎዳል?

ሁላችንም ወደ ሽቦ ዞርን። ሽቦ ተከራክሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ምናልባት ያኔውኑ ይጣራ ነበር። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እንግዲያው እኔ ነኝ። ሳጥኑን ሳዛውር የሆነ ቦታ ጨምድጄው ይሆናል። ይቅርታ፣ አስተካክለዋለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ሽቦን ቆሞ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ወይ ኮርኒስ ውስጥ ነው፣ ወይ ባንኮኒ ሥር በጉልበቱ ይድኻል። ገመዱን ከየግድግዳው እየነቀለ በአዲስ ተካ። ፀጉሩ በአቧራ ሸበተ። በሚያልፍበት ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሴቶቹን፣ ደንበኞቹን፣ አንድ ጊዜማ በስህተት የገፋውን ወንበር ሳይቀር።

«አንተ ሰውዬ፣ እግሬን ከገመዱ ጋር አብረህ እንዳታስረው!» ትለዋለች ደረሰኝ ቆራጯ እግሯን እያነሳች።

«ቢታሰር ይሻል ነበር፣ ረግጠሽኝ ሞትኩ እኮ።»

እየሳቁ ነበር፤ ግን ሲነሳ አንዱ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ባንኮኒውን ይዞ ሲቆም አይቻለሁ። ሐኪሙም በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ አይቶታል። ሥራ አስኪያጇ «ኮንትራቱ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» ያለችውም በሐኪሙ ፊት ነው። እሱም ወደ ማሽኑ ዞረ።

የችግሩን ምንጭ ያገኘው ቤቱ ሆኖ ነው። የነገረኝ ራሱ ነው፣ ብዙ ቆይቶ።

ሐኪሙ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው። በወጣትነቱ የሞተ ታላቅ ወንድም ነበረው። እናቲቱ እስከ ዛሬ ሰው ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚጠሩት የሟቹን ስም ነው። ይጠሩታል፣ ጥቂት ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ የሐኪሙን ስም ይጠራሉ። በተማሪነታችን እነሱ ቤት ስሄድ ያን መሐል ያለውን ዝምታ እፈራው ነበር፤ እሱ ግን ከመልመዱ የተነሳ የማይሰማው ይመስለኝ ነበር። ያን እሑድ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲጠርግ እናቱ ከጓዳ ሟቹን ጠሩት። ጠበቁ። ብሩሹ እጁ ላይ ቀረ።

«ድንገት እንደበራልኝ አድርገህ እንዳትጽፈው» አለኝ። «ከዚያ በፊትም የሆነ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ላየው ስላልፈለግሁ ነው ያላየሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ዳታቤዙ የሚፈለግበት አድራሻ ተጽፏል። ሐኪሙ በሙከራው ሰሞን ሁለት አድራሻ ጽፎ ነበር፤ መጀመሪያ የአሮጌው፣ ቀጥሎ የአዲሱ። የመጀመሪያውን በኋላ አጠፋዋለሁ ብሎ ረሳው። አሮጌው ማሽን በርቶ ሳለ ኮምፒውተሮቹ ሲያንኳኩ ወዲያው «እዚህ የለም» ይላቸዋል፤ እነሱም ወደ አዲሱ ያልፋሉ፣ ማንም አያስተውልም። ማሽኑ ሲጠፋ ግን «የለም» የሚላቸው ጠፋ። ያንኳኳሉ፣ ይጠብቃሉ። ተስፋ ሲቆርጡ ብቻ ነው ወደ አዲሱ የሚሄዱት። ለእያንዳንዱ ደረሰኝ እንደገና እንዲሁ።

ሰኞ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶ ያችን አንዲት መስመር ከየኮምፒውተሩ አጠፋት። ባንኮኒው ሲከፈት ደረሰኙ ነካ ሲያደርጉት ብቅ አለ። ሽቦ ደግሞ የመጨረሻውን ገመድ ተክቶ የጨረሰው ቅዳሜ ዕለት ነበር።

«እልልል!» አለች ደረሰኝ ቆራጯ። «ሽቦዬ፣ ጉልበትህ ይባረክ!»

ሁሉም ሽቦን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ሥራ አስኪያጇ ግን አልሳቀችም። «በቃ፣ ገመዱ እንደነበር ታወቀ» አለች። «ለአንድ ሰው ስህተት ይህን ሁሉ ቀን ደንበኛ አስቆምን። ኮንትራቱን አናድስም።»

ሐኪሙ መድኃኒቱን በድብቅ ሰጥቶ ጓደኛውን ጥፋተኛ አደረገው። እሱም ይህን የተረዳው እዚያው እኛ መሐል ቆሞ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽቦ እያነከሰ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባ። በሩን ገርበብ ስላደረገው ድምፁ ይሰማኛል።

«ሐኪም፣ ላመሰግንህ ነው የመጣሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ስሜን ሲያጠፋ ይውል ነበር። አንተ አንድ ክፉ ቃል አልወጣህም። መሄዴ ነው፣ ግን አልቀየምኩም።»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አዲሱ ሰርቨር ላይ አስደገፈ፣ የሚያዳምጥ ይመስል። ዐይኑን አልጨፈነም። ሽቦ እስኪወጣ ድረስ ቀና አላለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ አስኪያጇ ገብቶ እውነቱን ነገራት። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አለችህ?» አልኩት።

«ሳቀች። ‹ለጓደኛህ ብለህ ነው፣ ደግነትህን መቼ አጣነው› አለችኝ።» መነጽሩን አወለቀ፣ ግን አልወለወለውም። «ደግ ነህ ተባልኩ እኮ! ስናዘዝ ተመሰገንኩ!»

እዚያ ላይ የሚያቆም መስሎኝ ነበር። ተናግሬያለሁ፣ አላመኑኝም ብሎ መተኛት ይቻል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ለደንበኛ ከመከፈቱ በፊት ሁላችንም ባንኮኒው ጋ እንድንሰበሰብ ለመነ። ሥራ አስኪያጇም መጣች። ሽቦ ከኋላ፣ ከቀለም ጣሳዎቹ አጠገብ ቆመ። ሐኪሙ በደረሰኝ ቆራጯ ኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር ጻፈና ተነሳላት።

«እስቲ አንድ ደረሰኝ ክፈቺ።»

ነካችው። ገጹ ነጭ ሆነ። ክቧ መዞር ጀመረች።

«ወይ ጉዴ፣ ተመለሰብን!» አለች።

«አልተመለሰም። እኔ ነኝ የመለስኩት» አለ ሐኪሙ። «ይሄ የሽቦ አዲስ ገመድ ነው፣ ማንም አልነካውም። አሁን ኮምፒውተሩ የሚያንኳካው እኔ ያጠፋሁትን ማሽን ነው። አድራሻውን የጻፍኩት እኔ፣ ማጥፋት የረሳሁት እኔ። ገመዱ ነው ያልኩትም ሳላይ ነው።»

ክቧ ትዞራለች። ሥራ አስኪያጇ የቀለበቷን ጣት ታሻሻለች። ሐኪሙ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ የሚለው ይመስላል፣ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«ኧረ በቃ፣ አየን! ዝጋው!» አለች ደረሰኝ ቆራጯ፣ ዕንባ ዕንባ እያላት።

«አይሆንም። ይጠበቅ።»

ጠበቅን። ደረሰኙ ተከፈተ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስመሩን አጠፋና እንደገና እንድትከፍት ነገራት። እጇን ሳታነሳ ብቅ አለ።

ዐይን ሁሉ ወደ ቀለም ጣሳዎቹ ሄደ። ሽቦ ከጉልበቱ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈ።

«ስብሰባው ላይ ገመዱ ነው ስትል አላየኸውም ነበር?»

«አላየሁትም።»

«እኔም አላየሁትም። አንተ ካልክ ብዬ ደህናውን ገመድ በገዛ እጄ ቆራረጥኩት።» ይህን ብሎ ወደ መጋዘኑ ወጣ። በር አልወረወረም። ቢወረውር ለሁላችንም ይቀለን ነበር።

ኮንትራቱ ታደሰ። ሐኪሙንም ማንም አልቀጣውም፤ እንዲያውም ሥራ አስኪያጇ ጀግና አለችው። ደረሰኝ ቆራጯ «ሐኪሜ» ስትለው ግን «በዚያ ስም አትጥሪኝ» አላት፣ ከዚያ ወዲህ የጠራው የለም። እኔም እዚህ የጻፍኩት ሌላ የምትረዱት ስም ስለሌለኝ ነው። ጠባቧ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ይበላል። ሽቦ ምሳውን ከሾፌሮቹ ጋር ነው። ሲገናኙ ሰላምታ አላቸው፤ ሰላምታው ላይ ግን ይቆማል።

የሐኪሙ እናት ቤት በቅርቡ ሄጄ ነበር። ከጓዳ የሟቹን ስም ጠሩ። ዝምታውን ልጠብቅ ስዘጋጅ፣ «አቤት እማዬ!» ብሎ ተነሳ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ሳምንት ኔትወርኩ እንደገና ተንቀራፈፈ። ሽቦ መጥቶ በመስታወቱ በር ላይ ቆመ። አልገባም።

«የኔ ነው ወይስ ያንተ?» አለ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ የኔን ልየው» አለው፣ ወደ ሰርቨሩ እየዞረ።

ሽቦ መሄድ ይችል ነበር። በሩን ተደግፎ፣ ክብደቱን ደህና ወደሆነው ጉልበቱ አዛውሮ ጠበቀው።