ከሦስተኛው ምት በኋላ የተቀበልኩት ጓንት

ይህ የሆነው አምና፣ ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ እሑድ ነው። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ላይ ፔናሊቲ ሊመታ ሲል ምክንያት ፈልጌ ወደ ኩሽና እገባለሁ። ሰው ኳስ የማልወድ ይመስለዋል።

እኔ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ዕቃ አጥባለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛዬም ከዚያ ብዙ አያልፍም። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። የሰፈራችን ሴቶች የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ የገባሁት እትዬ ብዙነሽ ጎትታኝ ነው።

እትዬ ብዙነሽ ከእኛ አጠገብ ባለው ፀጉር ቤት ሹሩባ ትሠራለች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በእጇ ነው። ቡድኑን ያቋቋመችው እሷ ናት፤ በረኛችንም እሷ ናት። ታላቃችን ስለሆነች ቦታዋን ማንም አይነካባትም። ጎል ሲገባባት እንኳ «አይዞሽ እትዬ፣ ፀሐዩ ነው» እንላታለን።

የዚያን ቀን ከኖርዝ ሆሊውድ ቡድን ጋር ለዋንጫ ተጋጠምን። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እትዬ ብዙነሽ ኳስ ልታወጣ ስትዘል እጇ ከጎሉ ብረት ጋር ተጋጨ። «ደህና ነኝ፣ ተጫወቱ!» ብላ ተነሣች። ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀና ወደ መለያ ምት ሄድን።

ውሃ ላቀብላት ስጠጋ ጓንቷን አውልቃ ነበር። የቀኝ እጇ አንጓ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። እንዳየሁባት አወቀች።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «ቅያሪ ጨርሰናል። ማን ሊቆም ነው?»

«እትዬ፣ በዚህ እጅሽ ነገ እንዴት ትሠሪያለሽ?»

«የነገውን ነገ አየዋለሁ። ዝም በይ!»

ጓንቷን በጥርሷ እየጎተተች መልሳ አጠለቀችው።

እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ስለ በረኛ ቅያሪ ተከራክረው፣ አንደኛው ከስልኩ ላይ ሕጉን እያነበበ ለጓደኛው በአማርኛ ሲያስረዳው ሰምቻለሁ። ቅያሪ ቢያልቅም፣ የመለያ ምቱ ቢጀመርም፣ እንደ እኔ ሜዳ ውስጥ ጨዋታውን የጨረሰ ተጫዋች ከበረኛው ጋር ቦታ መለዋወጥ ይችላል። ዳኛውን ማሳወቅ ብቻ ነው። ይህን ለመናገር አፌ ድረስ መጣና ተመለሰ። ለታላቅ ሰው «ጓንትሽን ስጪኝ» እንዴት ይባላል?

የእነሱ የመጀመሪያ ምት ገባ። ሁለተኛው በላይ ወጣ። ሦስተኛዋ መቺ ኳሱን ወደ ቀኝ ላከችው፤ እትዬ ብዙነሽ ተወርውራ በቀኝ እጇ መለሰችው። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። «የኔ አንበሳ!» ይላሉ ሴቶቹ። እሷ ግን ተንበርክካ እጇን ጉልበቶቿ መካከል ቀብራ ነበር። ፊቷን የሚያይ አልነበረም።

እኛ ሁለት አግብተን፣ እነሱ አንድ ብቻ ነበራቸው። ሁለት ሁለት ምት ቀርቶናል። እግሬ ራሱ ወደ ዳኛዋ ወሰደኝ። 

«ኪፐር ቼንጅ» አልኳት። ደረቴን ነካሁና፣ «ሚ» አልኩ።

አሰልጣኛችን ጋሼ ታደለ ከመስመሩ ውጭ ጮኹ። «አንቺ ልጅ፣ አበድሽ እንዴ? ምት ከተጀመረ በረኛ አይቀየርም! ኢሊጋል ነው! ታስቀጪናለሽ!»

«ጋሼ፣ ሪፈሪዋ ኦኬ እያለች ነው» አለች አጥቂያችን ሜሮን። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ «ሶ፣ እሷ ካዳነች በኋላ አንቺ ጀግና ልትሆኚ ነው?» አለችኝ።

 እትዬ ብዙነሽ ፊት ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ዓይኔን ከመሬት ማንሣት አልቻልኩም።

«ምነው ልጄ፣ በሰው ፊት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

የግራውን ጓንት ሰጠችኝ። የቀኙን ስስበው ግን እንደ ሕፃን ጮኸች። ያበጠውን አንጓዋን ያኔ ሁሉም አየው። ጋሼ ታደለም ኮፍያቸውን አወለቁ። ማልያዋን ከላይ ደርቤ ጎሉ መካከል ቆምኩ። 

ሁለቱም ኳሶች ገቡብኝ። አንዱን ጭራሽ አላየሁትም። የእኛ ሁለት መቺዎች ደግሞ ሳቱ። ተሸነፍን።

ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድኩ። አጥንቷ ተሰንጥቋል አሉን፤ ከሁለት ወር በላይ ሹሩባ አልሠራችም። ስንጥቁ ከብረቱ ይሁን ካዳነችው ኳስ እንድትጠይቅልኝ የሐኪም ቤቱን አስተርጓሚ ለመንኳት። ሐኪሙ ይህን መለየት አይቻልም አለ።

እትዬ ብዙነሽ አሁን ድናለች፤ ሥራዋንም ጀምራለች። አልተቀየመችኝም። እንዲያውም ፀጉሬን ስትሠራኝ «ቀማኛ» እያለች ትቀልድብኛለች። ጋሼ ታደለ ሕጉን በኋላ አንብበው ይቅርታ ጠይቀውኛል፤ ዋንጫው ሲነሣ ግን አሁንም ይተክዛሉ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለገቡብኝ ሁለት ጎሎች ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሷ የመለሰችው ኳስ ነው። ያ ምት ከመመታቱ በፊት ሕጉን አውቅ ነበር፤ እጇንም አይቻለሁ፤ ዳኛዋም ከእኔ አሥር እርምጃ አትርቅም ነበር።