የቆርኪ ቡድን

ባለፈው እሁድ የሱቁን ወለል ስጠርግ ከማቀዝቀዣው ሥር አንድ ቆርኪ እየተንከባለለ ወጣ። የብረት ቆርኪ ነው፣ ጠርዙ የዛገ። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ፣ የምንሸጠው ለስላሳ ሁሉ ክዳኑ ፕላስቲክ ስለሆነ የብረቱን ካየሁ ቆይቻለሁ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አነሳሁት። ከዚያ አሸተትኩት። ለምን እንዳሸተትኩት ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ታረቀኝ ቢሆን ይገባው ነበር። ታረቀኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር ማለት ገና አልለመድኩም።

ልጆች እያለን የምንኖረው ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። በአዘቦት ቀን እስኪመሽ ኳስ እንጫወታለን። ኳሳችን ጨርቅ ነው፣ በእንሰት ቃጫ የተጠመጠመ፤ ዝናብ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብድና በጭንቅላት የመታው ልጅ ለሰዓታት ያዞረዋል። እሁድ ግን ክልክል ነው። እናታችን የጌታ ቀን ነው ካለች አለቀ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቆጮ በጎመን እንበላና ደጃፍ ላይ እንቀመጣለን። ሜዳው ከፊታችን ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የረጠበ ሣር፣ መሃል ላይ የሰው ላም። ባዶ ሜዳ እያዩ መቀመጥ ለልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ የኔ ዕድሜ ሰው ያውቀዋል።

መላውን ያመጣው ታረቀኝ ነው። የተከለከለው መጫወት ነው እንጂ መምረጥ አይደለም አለ። ስለዚህ እሁድ እሁድ የከተማችንን የምንጊዜም ምርጥ ቡድን መምረጥ ጀመርን። እኛ ያየናቸውን ብቻ ሳይሆን አባታችን የሚያወራላቸውን፣ እኛ ሳንወለድ የተጫወቱትንም ጭምር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቆርኪ። ቆርኪውን የምንለቅመው ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ቡና ቤት ደጃፍ ነው። የለስላሳው አጥቂ ይሆናል፣ የቢራው ተከላካይ። ታረቀኝ የቢራውን በአመድ ያሸዋል፣ በሳሙና ያጥባል፣ አሸትቶ ለእኔ ይሰጠኛል፣ እኔም አሸትቼ እመልስለታለሁ። እናታችን የቢራ ሽታ ከመንገድ ማዶ የምታውቅ ሴት ናት።

አንድ እሁድ ግን ያዘችን። እጃችንን ተራ በተራ አሸተተችና ይሄ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ታረቀኝ ግን ቀና ብሎ "እማዬ፣ ተከላካዮቻችን ናቸው" አላት። እናታችን ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ቆርኪዎቹን ግን አልወሰደችብንም።

ምርጫው ቀላል አልነበረም። አንዳንዴ ለአንድ የመሃል ቦታ እስከ ማታ እንጨቃጨቃለን። በረኛው ላይ ግን ተጣልተን አናውቅም፤ ሄራሞ ነው። ሄራሞ ከእኛ ብዙ የሚበልጥ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት የሚሠራ ረጅም ሰው ነበር። ኳስ ከመያዙ በላይ ድምፁ ነበር የሚገርመው። ግቡ ውስጥ ቆሞ ጨዋታው እስኪያልቅ ሁሉንም ያዛል፤ ድምፁ እቤታችን ድረስ ይሰማል። ግራ ክንፍ ላይ ከድር ነው፤ ከስልጤ በኩል ለገበያ መጥቶ እኛ ከተማ የቀረ፣ ጫማውን አውልቆ የሚሮጥ ቀጭን ልጅ። አባታችን ይሄን ሁሉ ከውስጥ ሆኖ ይሰማናል። አንድ ቀን ከድር ብቻውን አምስት ሰው ያልፋል ብዬ ስከራከር፣ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ኳሱን ያካፍል" አለ።

ታረቀኝ ራሱ ኳስ አይችልም ነበር። ይሄን የምለው ልወቅሰው አይደለም። እግሩ ለኳስ አልተፈጠረም፤ ሲመታት ወደ ሌላ ትሄዳለች። የሚችለው ማየት ነው። ማን በየትኛው እግሩ እንደሚሻል፣ ማን ሲደክመው እንደሚቆጣ ያውቃል። አንድ እሁድ ሽንት ቤት ደርሶ እስኪመለስ የቀኝ ተከላካዩን አነሳሁና ሌላ ቆርኪ አስቀመጥኩ። ይሄ ማነው አለኝ። አንተ ነህ አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየው። የሚደሰት መስሎኝ ነበር። ቆርኪውን በሁለት ጣቱ አንስቶ ከመስመር ውጭ አደረገው።

"ቡድኑን አታበላሽ" አለኝ።

ከዚያ ሰዎቹ መሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ ሄራሞ፣ ከዚያ ሁለቱ የመሃል ተጫዋቾች፣ ከዚያ ከድር። በእኛ ከተማ ሄደ ከተባለ የት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ደቡብ አፍሪካ ነው። በየሳምንቱ ሜዳው ይሳሳል። አጥቂያችን ደግሞ በመንገድ ቀረ። የትኛው አገር እንደቀረ እንኳን በደንብ አልታወቀም፤ ሐይቅ ነው ያሉ አሉ፣ የዕቃ መኪና ውስጥ ነው ያሉም አሉ። ለቅሶው በተቀመጠበት ሳምንት እሁድ ቆርኪውን ላነሳው እጄን ስዘረጋ ታረቀኝ ያዘኝ። ከዚህ ቡድን በሞት የሚወጣ የለም አለኝ። ይሄን ሲለኝ ልጅ ነበር እኮ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ።

ኋላ እሱም ሄደ። እኔ አሥረኛ ክፍል እንደጨረስኩ አስመጣኝ። ኬላ ስናልፍ የሆነውን እዚህ አልጽፍም። የደረስኩ ሰሞን ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም ታረቀኝ እዚህ ባኪ በሚሏት ፒክአፑ ጭኖ የቆርኪውን ቡድን በየተራ አሳየኝ። ከሞተው አጥቂና ከአባታችን ዘመን ሰዎች በቀር ሁሉም ማለት ይቻላል እዚሁ ናቸው። ሄራሞ ቮስሎሩስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ዳቦና ሲጋራ የሚሸጥባት ሱቁ ከላይ እስከ ታች በብረት ፍርግርግ የታጠረች ናት፤ እሱ ከውስጥ፣ ደንበኛው ከውጭ። ያ ድምፅ የለም። ዋጋ ሲናገር እንኳን ጎንበስ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። ከድር ዮቪል የሚባል ሰፈር ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ታረቀኝ አሁንም ግራ ክንፍ ነህ ሲለው፣ "ኳሷን እዚህ አምጣልኝ እንጂ እኔ ወደ እሷ አልሄድም" ብሎ አሳቀን።

የታረቀኝ ሐሳብ አንድ ነበር፤ እነዚህን ሰዎች አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ሜዳ ላይ ማየት። ከሱቃችን ጀርባ ያለውን የትምህርት ቤት ሜዳ ዘበኛውን አናግሮ አስፈቅዷል። ማልያ አጠያይቋል። ለዓመታት ደወለላቸው። ሁሉም ደስ ይላቸዋል፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ግን ሱቁን ለማን ትቼ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ሱቅ ለአንድ ቀን ከዘጋህ ደንበኛው ማዶ ይሻገራል፣ ወይም ማታ በሩን ሰብረው ይጠብቁሃል። ሄራሞ ደግሞ እምቢም እሺም አይልም። እናያለን ነው የሚለው። ያለ በረኛ አይሆንም እያለ ታረቀኝ እሱን ይጠብቃል። እኔ አንዳንዴ ይሰለቸኝ ነበር፤ ሸበቶ ሰዎች ሲያለከልኩ ብታይ ምን ታገኛለህ እለዋለሁ። ስልኩን አንስቶ ይደውላል።

የዛሬ ስድስት ወር ግድም ዝናብ በሚጥል ቀን ዕቃ ሊጭን ወጣ። ሲመለስ፣ ከቮስሎሩስ በሚመጣው መንገድ ላይ፣ የጭነት መኪና ባኪውን ከጎን መታው። ሆስፒታል ስደርስ አልፏል።

ሬሳው ወደ አገር ቤት እስኪላክ ለቅሶው ዮቪል በሚገኝ የጸሎት አዳራሽ ነበር። እናታችን ገና አልተረዳችም፤ መርዶውን ሽማግሌዎች ሊነግሯት ቀን ተይዟል። እኔ ስልኬን አጥፍቼ አንድ ጥግ ተቀምጬ በሩን አያለሁ። መጀመሪያ ሁለቱ የመሃል ተጫዋቾች አብረው ገቡ። ከዚያ ቀኝ ክንፉ፣ ከሩቅ አውቶቡስ ተሳፍሮ። ከዚያ ተከላካዮቹ። ከድር ጸሎቱ እስኪያልቅ ውጭ ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር፣ ከዚያ ገባ። ሄራሞ መጨረሻ መጣ። ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት። ማን እንደዘጋና ማን እንዳልዘጋ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ ግን የሥራ ቀን ነበር። ሁለት ሰዎች ቀርተዋል፣ አንዱ ኬፕታውን ነው፣ አንዱ ታሟል። ሌሎቹ ግን እዚያ ነበሩ። እኔ እያየኋቸው የማስበው ታረቀኝ ይሄን ማየት ነበረበት የሚል ብቻ ነበር። እዚያው ነበር እሱም፣ መሃላችን። እንዴት ልበል።

የአዳራሹ ደረጃ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ሳጥኑን ይዘው ሲወርዱ መታጠፊያው ላይ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ሴቶች ጮኹ። ያኔ ከኋላ ያ ድምፅ መጣ። ካደግኩ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው፣ ከሜዳው እቤታችን ድረስ ይሰማ የነበረው።

"ከድር፣ ግራውን ከፍ። ቀኝ፣ ባለህበት ቁም። ቀስ። አትቸኩሉ፣ ጊዜ አለን።"

ሳጥኑ ቀና አለ። ሄራሞ እያዘዘ እስከ ታች፣ እስከ መኪናው ወረዱ። አባቴ ስለ ሎሚ የሚለው ነገር ትዝ አለኝ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሄራሞ ወደ ጎን ወሰደኝ። ከካፖርቱ ውስጥ የበረኛ ጓንት አወጣ፣ አዲስ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ። ታረቀኝ አደጋው በደረሰበት ቀን ሱቁ መጥቶ በፍርግርጉ ቀዳዳ እንዳቀበለው ነገረኝ።

"እሺ ብየው ነበር" አለኝ። "ከፈረንጅ አዲስ ዓመት ማግስት፣ የሰፈሩ ሰው ወደ ገጠሩ ሲሄድ፣ ሱቅ ሲቀዘቅዝ። እሺ ብየዋለሁ፣ ወንድሜ። እየሳቀ ነው ባኪው ውስጥ የገባው።"

ከዚያ ሁሉም ሳይመሽ ለመድረስ ወደየሱቃቸው ተበተኑ። ከአዲስ ዓመት ማግስት ደረሰ፣ አለፈ። ማንም አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ባለፈው ወር ለጉዳይ ቮስሎሩስ ስሄድ ጓንቱ ፍርግርጉ ውስጥ ከስልክ ቻርጀሮች መሃል ተሰቅሎ አየሁት። አንድ ወጣት በጣቱ እያሳየ ስንት ነው አለው። ሄራሞ ቀና ሳይል "አይሸጥም" አለ።

ድሮ እሁድ የማንጫወተው የጌታ ቀን ስለሆነ ነበር። አሁን እሁድም የሱቅ ቀን ነው፤ እናታችን ይሄን አታውቅም፣ ካወቀችም አትጠይቀኝም። ያኔ ሜዳው ፊታችን ነበር፣ ሰዎቹም ነበሩ፣ የከለከለን አንድ ቀን ብቻ ነው። ነገ እንጫወታለን ብለን ነበር የምንተኛው።

ባለፈው እሁድ ቆርኪውን ካገኘሁ በኋላ ከቆሻሻ መጣያው የፕላስቲክ ክዳኖች ለቀምኩ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ። ባንኮኒው ላይ ደረደርኳቸው። ሄራሞ፣ ተከላካዮቹ፣ መሃሎቹ፣ ከድር፣ በመንገድ የቀረው አጥቂ። አንዲት ጎጎ፣ የሰፈሩ አሮጊት፣ ዳቦ ልትገዛ መጥታ፣ "ማይ ፍሬንድ፣ ዛሬ ምን ትቆጥራለህ?" አለችኝ። ምንም አልኳት። ዳቦዋን ሰጠኋት፣ ሄደች።

አሥራ አንዱ ሞልተዋል። የዛገውን ቆርኪ ግን እጄ ውስጥ ይዤ ቆየሁ። ታረቀኝ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። በሁለት ጣቱ እንዴት እንደሚያነሳውም አውቃለሁ። ከቀኝ ተከላካዩ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ አሥራ ሁለት ሆኑ።

ቡድኑ ይበላሽ።