ዓርብ ቀን የቀረበልኝ ዶሮ

ኦሮራ ከተማ ውስጥ ደህና የታይዋን ምግብ የት እንደሚበላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ያለችውን ጠባብ ምግብ ቤት አሳየዋለሁ። እኔን ወደዚያ የላከኝ ኮሜርስ ሲቲ ባለው መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ታይዋናዊ ነው። «ዓርብ ትጾም የለ? ቤቷ የቡድሂስቶች ናት፤ ሥጋ የሚባል ደጇን አልረገጠም» አለኝ።

ያዘዝኩት ሲመጣ ግን ዶሮ ነው! በዝንጅብል፣ በሰሊጥ ዘይትና በበሶብላ የተሠራ ዶሮ። በሹካ ስነካው ክር ክር እያለ ተተረተረ። ጾሜን ሊያስገድፉኝ ነው ብዬ የቤቱን ባለቤት፣ ፀጉራቸው የሸበተውን ሴትዮ፣ ጠራኋቸው።

«አኩሪ አተር ነው» አሉኝ።

ማን ያምናል? አሸተትኩት፣ አጥንት ፈለግኩበት፣ አልበቃኝ ብሎ ወጥ ቤቱን አሳዩኝ አልኳቸው። ሳይቆጡ አስገቡኝና የአኩሪ አተሩን ፓኬት እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ተመልሼ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። መቼም እንደዚያ የሚጣፍጥ የጾም ምግብ በልቼ አላውቅም።

በሳምንቱ፣ ስለጠረጠርኳቸው ካሳ ይሁን ብዬ፣ ሚስቴ የሠራችውን ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዤላቸው ሄድኩ። «የእኛም የጾም ምግብ ይኸው! ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። ከዚያ እኔ ያን ዶሮ እንዳየሁት ዓይነት አፍጥጠው አዩት።

«ሽንኩርት አለው?»

«አለው።»

«ነጭ ሽንኩርትስ?»

«እሱማ በደንብ ነው ያለው!»

ክዳኑን ገጥመው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

«ይቅርታ» አሉ፤ «እኛ የምንጾመው ከሽንኩርትም ነው።»