የክበቡ አግዳሚ ወንበሮች

ሰው «ለመሆኑ በዚያ ሁሉ ዓመት ምን ሠራሽ?» ሲለኝ ያናድደኛል። ምን ያልሠራሁት አለ! ቃሊቲ ላይ ድርጅት መርቻለሁ፣ ወጣቱን በክበብ አደራጅቻለሁ፣ ከበሮ እያስመታሁ ስለ ኤች አይ ቪ አስተምሬያለሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨብጭቦልኛል። ያው ያጨበጨበው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የታመመ ጎረቤቱን ደጅ ዞሮ ነበር የሚያልፈው።

ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ትንሽ ኪዮስክ የነበራት ሴት አውቃለሁ። ሻይና ዳቦ ትሸጣለች፤ እስረኛ ጠያቂዎች ይዘው መግባት የሚከለከሉትን ቦርሳና ሞባይልም ታስቀምጥላቸዋለች። አንድም ዕቃ ጠፍቶባት አያውቅም። መክሳቷ ታይቶ ሲወራባት ግን ዕቃውን የሚሰጣት ሰው ጠፋ። ኪዮስኳን ዘግታ ተኛች። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር እኔው ራሴ ደግፌ ወሰድኳት፤ ሰውነቷ ግን ቀድሞ አልቆ ነበር።

ከእኔና ከክበቡ ልጆች በቀር ደጇን የሚረግጥ አልነበረም። አንድ ቀን ገላዋን እያጠብኳት «ምን አማረሽ? ምን ላምጣልሽ?» አልኳት።

«ሰው» አለችኝ። «ጎረቤቶቼ አንድ ቀን ገብተው ቢቀመጡ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ከዚያው ወጥቼ በቀጥታ ወደ እድሯ ዳኛ ሄድኩ። የባቡር ጡረተኛ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ።

«ልጄ፣ እድር ለቀብር ነው። ለታመመማ ሐኪም አለለት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ስትሞት ድንኳን ጥላችሁ ሦስት ቀን ልትቀመጡላት አይደል? ከሦስቱ አንዱን አሁን ስጧት!»

ደሜ ፈልቶ ስለነበር ጮኽኩባቸው። እሳቸውም «እሺ፣ ይሞከር። እሁድ ጠዋት ሰውን አስጠራለሁ» አሉ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ቅዳሜ ቤቷን ጠራረግን፤ ልጆቹ ከክበባችን አግዳሚ ወንበሮች ተሸክመው አመጡ። እሷም ፀጉሬን ሥሩልኝ አለች። እንግዳ እንደሚመጣባት ሴት ነበር የሆነችው። እኔም እዚያው አደርኩ።

እሁድ ገና ሲነጋ ጥሩምባ ተነፋ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ስሟን እየጠራ «እሷ ቤት ውጡ!» እያለ ሰፈሩን አዳረሰው። ወይ ጉድ! ጥሩምባ ተነፍቶ ስም ከተጠራ ሌላ ምን ትርጉም አለው? በኋላ ስቆጣው «ታዲያ እህቴ፣ በምን ልጥራ? እኔ ሰው የምጠራው በዚህ ነው» አለኝ።

እሷ ተኝታ የራሷን መርዶ ሰማች። እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ።

ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግር ብሎ መጣ። «ወይኔ እህቴን! ወይኔ!» እያሉ ደረታቸውን እየደቁ የመጡት ሴቶች በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ አገኟት። ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ግቡ እንጂ» አለቻቸው። «አለሁ። ግቡ።»

አንዷ ከደጅ እንደቆመች «እግዜር ይማርሽ» አለች። ሌላዋ ምጣድ ጥጄ ነው የመጣሁት አለች። ከኋላ የነበሩት ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ በአንድ ተመለሱ። ዳኛው ብቻ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ከአንዱ አግዳሚ ጫፍ ተቀመጡ። ሌሎቹ ወንበሮች ባዷቸውን ዋሉ፤ እሷም በሩን በሩን ስታይ ዋለች።

ሲመሽ «አልቅሰውልኛል እኮ፤ በጆሮዬ ሰማሁ» አለችኝ። «መቼም ይወዱኛል።»

ጥርሴን ነክሼ «አዎ፣ ይወዱሻል» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየች። ጥሩምባው እንደገና ተነፋ፤ ሰፈሩ እንደገና ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ይኼኔ በሩ ላይ የቆመ አልነበረም፤ ሁሉም ገባ፣ ሁሉም ሦስቱን ቀን ተቀመጠ። የእድሩ ወንበር ስላነሰ የክበቡን አግዳሚዎች አስመጣን። እነሱም አልበቁም።