ከገደሉ የማይለየው ቤት

ራሱን የማያሳይ ሥራ የትሑት ሰው ሥራ ነው። ይህን ፍርድ የምትሰጠው ሴት ሃያ ስድስት ዓመት በንድፍ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ ስለኖረች፣ ከአፏ ሲወጣ የሚከራከራት አልነበረም። የምትነድፋቸው ቤቶች ከዛፉና ከድንጋዩ ስለማይለዩ ባልደረቦቿ «ስውሯ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለሹፈት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው።

ከሐይቁ በላይ ባለው ጥቁር ገደል ግርጌ የጎብኚዎች ማረፊያ እንድትነድፍ ሲሰጣት፣ በመጀመሪያው ወር አንዲት መስመር እንኳ አላሰመረችም። ማለዳ ማለዳ እየሄደች ሣሩ ላይ ትቀመጣለች። ጉሙ ከውሃው ተነሥቶ ዓለቱን ቀስ እያለ ሲያለብሰው ገደሉ የሚተነፍስ ይመስላታል፤ ሲገፈፍ ደግሞ ድንጋዩ ትናንት ከነበረበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያደረ ይመስላታል። ቤቱን ያየችው በዚያ መሃል ነው፤ እንቅልፍ ይሁን ንቃት በማይለይ ሰዓት፣ ማንም ያልሠራው፣ ገደሉ ራሱ ያለመው ቤት ሆኖ ታያት።

የቀረው ልፋት ነበር። ድንጋዩ ከዚያው ከገደሉ ሥር ተለቅሞ ተጠረበ። ጣሪያው አፈር ለብሶ ሣር ተዘራበት፤ መስኮቶቹ የዓለት ስንጥቅ እስኪመስሉ ጠበቡ፤ በሩ ፊቱን ወደ ጥላው አዞረ። ሥራው ሲያልቅ የመሥሪያ ቤቱን ሾፌር ኮረብታው ጫፍ ላይ አቁማ፣ «እስቲ የት እንዳለ አሳየኝ» አለችው።

ሾፌሩ ዓይኑን አጥብቦ ቆየና፣ «በጀቱን በልታችሁት መሆን አለበት፤ እኔ እዚህ ቤት የሚባል አይታየኝም» አላት።

እስከ ከተማ ድረስ ፈገግታዋ አልጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ቅር አሰኛት፤ በጣሪያው ጠርዝ ላይ የሄደችውን ነጣ ያለች የሲሚንቶ መስመር ሣሩ ገና አልሸፈናትም ነበር።

አባቷ ግንበኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያቆሙ ኖረው፣ አሁን ከልጃቸው ጋር በሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። መዶሻቸውና ግድግዳ የሚያቀኑበት ቱምቢያቸው ከአልጋቸው ራስጌ በምስማር ተሰቅለዋል፤ አቧራቸውን በየሳምንቱ ራሳቸው ያራግፋሉ። በዚያ ዓመት የዓይን ሐኪሙ መርምሯቸው ሲያበቃ ልጃቸውን ለብቻዋ ጠርቶ፣ የዓይናቸው ግፊት ነርቩን እንደጎዳው፣ የጠፋው እንደማይመለስና የቀረውም ብዙ እንደማይቆይ ነገራት። ሽማግሌው ሳይነገራቸው ያውቁት ኖሯል።

«ልጄ» አሏት በዚያው ቀን እራት ላይ፣ «ያን ቤትሽን ወስደሽ አሳዪኝ። ዓይኔ ጥቂት ሳንቲም እንደቀረበት ኪስ ሆኗል፤ በማይረባ ነገር እንዲያልቅብኝ አልፈልግም።»

«ጥቂት ይታገሡኝ፣ አባባ። ዝናቡ ይምጣና ሣሩ ጠርዙን ይሸፍነው። አሁን ቢያዩት ጎዶሎ ነው።»

«ጎዶሎውን ባየው ምን እሆናለሁ?»

«እርስዎ ምንም አይሆኑም። እኔን ይከፋኛል።»

ሽማግሌው ወደ እራታቸው ተመለሱ። ግንበኛ ያላለቀ ሥራ ለሰው ማሳየት እንደማይወድ ከማንም በላይ ያውቃሉና ፈረዱላት። ሊፈርዱላት አይገባም ነበር።

ዝናቡ ዘገየ። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለት፤ ሦስት። እሷ በየሳምንቱ ወደ ገደሉ እየሄደች ያችን መስመር ታያለች፤ ማታ ማታ በሕልሟ ሣሩ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ይሸፍንላታል። አባቷ በዚያው ጊዜ ሻዩን ከብርጭቆው ውጪ መቅዳት ጀመሩ፤ ደረጃውን በእግራቸው ጣት እየፈለጉ ይወርዳሉ። የሣሩን መብቀልና የዓይናቸውን መድከም አንድ ላይ አስባ አታውቅም። ዝናቡ መጣ፤ መስመሯ ጠፋች፤ ያን ዕለት መኪና ጠየቀች።

ጉሙ ገና ሙሉ በሙሉ ባልተነሣበት ጠዋት፣ ክንዳቸውን ይዛ በእግረኛው መንገድ አመጣቻቸው። ሃያ እርምጃ ሲቀር ቆመች። ራሳቸው እንዲያገኙት ፈልጋ ምንም አላለችም።

አባቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለከቱ።

«ደግ ቦታ ነው» አሉ። «ገና ሩቅ ነው ወይ?»

«ደርሰናል፣ አባባ።»

«የት?»

«ፊት ለፊትዎ ነው።»

«ፊት ለፊቴማ ገደል ነው።»

አሥር እርምጃ አስጠጋቻቸው፤ ከዚያ አምስት።

«ጥቁር ነገር ይታየኛል። እሱ ነው?»

«እሱ ጥላው ነው።»

በመንገዱ ዳር ካለ በርጩማ የተነሣው የቦታው ዘበኛ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይፍረዱባቸው፣ ኢንጂነር። ዓይናቸው ደህና የሆነውም አልፈውት ይሄዳሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት ግድግዳውን ተደግፈው ዝናብ ይወርድባቸው ነበር፤ በሩ ከጎናቸው ሦስት ክንድ ላይ። እኔ የበሩን ደፍ ኖራ የቀባሁት ለዚህ ነው፤ እርስዎ አስፈግፍገው አስጠፉት እንጂ።»

«ሁለት ጊዜ ነው ያስፈገፈግኩት» አለች ቀስ ብላ።

«ሦስት» አለ ዘበኛው።

«የልጄን ሥራ ኖራ ቀባኸው?» አሉ ሽማግሌው።

«በሩን ላሳይ ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«አንተን ግንበኛ ሳያደርጉህ ቀርተው ነው ዘበኛ የሆንከው» አሉትና እጃቸውን ዘርግተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። መዳፋቸው ድንጋዩ ላይ ረጅም ጊዜ ተንከራተተ።

«ጣሪያው ምን ይመስላል?»

«ሣር።»

«መስኮቱስ?»

«የዓለት ስንጥቅ።»

«በሩስ?»

«ጥላ ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ያንቺ የትኛው ነው?»

 ጉሙ በመካከላቸው አለፈ፤ ለአፍታ አባቷም ቤቱም ገደሉም አንድ ሆነው ጠፉባት። ትሕትና ያለችው ነገር አልታይም ብሎ መደነቅን የሚሻ ኩራት እንደነበር የገባት ያኔ ነው። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም።

«ከሦስት ወር በፊት ቢመጡ ይታይዎት ነበር» አለች። «ጣሪያው ላይ ነጭ መስመር ነበረው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ። ሣሩ እንዲሸፍነው ነበር የጠበቅኩት።»

«ታዲያ ያኔ አላልኩሽም?»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይቀላት ነበር።

በሩ ዛሬ በነጭ ድንጋይ ተከቦ ከኮረብታው ጫፍ ይታያል። ንድፉን በገዛ እጇ ያስተካከለችው እሷ ናት፤ በዚህ ግን ልትመሰገን አይገባም፣ ለመጣ ሰው በር ማሳየት ግዴታ ነውና። ለአባቷ የሚገባቸው ሌላ ነበር። ዓይናቸው እያየ፣ የልጃቸውን ቤት ከነጉድለቱ አንድ ጊዜ ማየት ይገባቸው ነበር። አላሳየቻቸውም።